መስመር የሚያቃናው ሌንስ

ይህን ጽሑፍ ላልጽፈው ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ስለ ፈረስ የማውቀው ከመጻሕፍት ነው፤ ስለ ፎቶግራፍም እንዲሁ። ሚሉድ በርካንንም ቢሆን ከፎቶ ቤቱ በላይ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ ስድስት ዓመት ስማር ያየሁትን ያህል እንጂ፣ ከዚያ አልፌ አውቀዋለሁ ለማለት አልደፍርም። ሐሳቤን ስነግረው ከመነጽሩ በላይ ተመልክቶኝ፣ ስለ እሱ ከምጽፍ ፈተናዬን ባጠና እንደሚሻል በትሕትና መከረኝ። ምናልባት ልክ ነው። ሆኖም ያ ሰው በአንድ የግንቦት ቀን ያደረገውን ነገር በአንድም መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም። ስለዚህ ጉድለቱ የእኔ ይሁንና፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

ሚሉድ የተወለደው ከካዛብላንካ በስተደቡብ ባለው በዱካላ ሜዳ ነው። እዚያ ወንድ ልጅ ደህና አድርጎ ሳይራመድ ኮርቻ ላይ ይቀመጣል። ሚሉድ ግን በስምንት ዓመቱ አንዲት በቅሎ ወርውራው የግራ ክርኑ ከተሰበረ ወዲህ ኮርቻ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ክርኑ ሲጠገን ጎበጥ ብሎ ተጠገነ። ክንዱን አጥፎ ደረቱ ላይ ሲያስጠጋው ግን እንደ ድንጋይ የማይነቃነቅ መደገፊያ ይሆናል። የዚህን ጥቅም ለማወቅ ሠላሳ ስድስት ዓመት ፈጀበት።

በሲዲ ቡናጋ ከተማ፣ ከእህል ገበያው ፊት ለፊት፣ ሁለት ክፍል ያላት ፎቶ ቤት አለችው። መጀመሪያ የመታወቂያ፣ የሠርግና የግርዛት ድግስ ፎቶ ያነሳ ነበር። ሰው ሁሉ ስልክ በኪሱ ይዞ መዞር ሲጀምር ሠርጉም ግርዛቱም ቀሩበት። የተረፈው የመታወቂያው ብቻ ሆነ፤ መታወቂያ ደግሞ ሰው በአሥር ዓመት አንዴ ነው የሚያድሰው። በዚህ መሐል፣ ዕድሜ ልኩን የእግር ኳስ ፎቶ ሲያነሳ የኖረ አንድ የካዛብላንካ ሰው ጡረታ ወጥቶ ዕቃውን እንደሚሸጥ ሰማ። ከአባቱ የደረሰውን የእርሻ ድርሻ ለወንድሙ ለቅቆ፣ በምትኩ ባገኘው ገንዘብ አንድ ሌንስ ገዝቶ ተመለሰ።

ሌንሱ ነጭ ነው፤ ነጭነቱ ግን ብዙ እጅ ካለፈበት በኋላ ወደ ቅቤ መልክ ሄዷል። ርዝመቱ ከክንድ ያልፋል፣ ክብደቱ ሦስት ኪሎ ይሞላል። አንገቱ ላይ ያለውን ቀለበት ሲያዞሩት ይረዝምና ሩቅ ያለውን ነገር እየጎተተ ያመጣል፤ መልሰው ሲያዞሩት ወደ ስፍራው ይመልሰዋል። በሜዳው ወዲያኛው ጫፍ የቆመ ፈረስ አፍንጫው ሲከፈትና ሲዘጋ ይታይበታል። ሚሉድ ጠረጴዛ ላይ ሲያኖረው ባለቤቱ ህኒያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችው።

"መሬቱ ይሄ ነው?" አለች።

"ይሄ ነው።"

"እሺ። ስንዴውን መቼ ነው የምንዘራበት?"

ህኒያ ግን ተሳልቃ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ሌንሱ በተሳበ ቁጥር አየር ወደ ውስጥ እንደሚስብ፣ ከአየሩም ጋር አቧራ እንደሚገባበት ስትረዳ፣ የባሏን አሮጌ ጀለቢያ እጅጌ ቆርጣ ሁለቱም ጫፎቹ ላይ ላስቲክ ያለው ልብስ ሰፋችለት። ሚሉድም በበኩሉ፣ ሌንሱ ወደ ታች ሲዘቀዘቅ በገዛ ክብደቱ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረው፣ ከብስክሌት ካላማዳሪ ቀለበት ቆርጦ አንገቱ ላይ አጠለቀለት። እንዲህ ሆኖ፣ እጅጌ ለብሶና ጎማ ታጥቆ፣ ሌንሱ የባሩድ ጨዋታ ወደሚካሄድበት ሜዳ ወጣ።

በባሩድ ጨዋታ አሥራ አምስት ፈረሰኞች ሶርባ የሚባል አንድ ቡድን ይሆናሉ። ሙቀደም የሚሉት መሪ መሐል ላይ ሆኖ፣ ሰባቱ በቀኝ ሰባቱ በግራ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ ከሜዳው ራስ እስከ ግርጌ ይጋልባሉ። ግርጌው ላይ ሊደርሱ ሲሉ ሙቀደሙ ይጮኻል፤ ሁሉም እርካባቸው ላይ ተነሥተው በአንድ ጊዜ ይተኩሳሉ። አሥራ አምስቱ ጠመንጃ እንደ አንድ ጠመንጃ መጮኽ አለበት። የፈረሶቹም አፍንጫ በተወጠረ ክር ላይ የተደረደረ መምሰል አለበት። መስመሩ ከተሰበረ የኮርቻው ወርቀ ዘቦም ሆነ የፈረሱ ዘር ማንንም አያድንም።

ሚሉድ ግርጌው ላይ ከተወጠረው ገመድ ኋላ ቁጢጥ ይላል፤ ጎባጣ ክርኑን ደረቱ ላይ ያስጠጋል፣ ሌንሱን ያስተኛበታል። ፈረሶቹ እየቀረቡ ሲመጡ በግራ ጣቶቹ ቀለበቱን ቀስ እያለ ይመልሳል፤ አሥራ አምስቱ አንድም ሳይጎድሉ ከፊቱ ይመጣሉ። ተኩሱን ሰምቶ የሚጫን ፎቶ አንሺ ጭስ ብቻ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ሚሉድ የሙቀደሙን ጢም ያያል። ጢሙ ብድግ ሲል ሰውየው አየር እየሳበ ነው፤ ያን ጊዜ ይጫናል። እሳቱ ከአፈሙዙ ወጥቶ ጭሱ ገና ፊት ሳይሸፍን ያለችውን ቅጽበት የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ፈረሰኞቹ ሌንሱን "መድፉ" አሉት። አንዱ ሲያልፍ፣ የሚሉድ ጠመንጃ ከሁሉም ጠመንጃ እንደሚረዝም፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ሲጮኽ እንዳልተሰማ ይነግረዋል። ሚሉድም አንገቱን ሳያቀና፣ "እናንተ እየጮኻችሁ ትሄዳላችሁ፤ አስቀማጩ እኔ ነኝ" ይላል። ከዚያም በአሮጌ መኪናው ኋላ ባለችው ትንሽ ማተሚያ ፎቶውን ያትማል። የፈረሶቹ ላብ ሳይደርቅ ፈረሰኞቹ ፎቷቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

በስልክ የሚያነሱ ሌሎችም ነበሩ። የእነሱ ፎቶ ላይ ግን መስመሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይጎብጣል፤ አንዱ ፈረስ ወጣ፣ ሌላው ገባ ይላል። የሚሉድ ፎቶ ላይ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ በአካባቢው ሁሉ፣ የሚሉድ ፎቶ መስመር ያቃናል ተባለ። ከሲዲ ቡናጋ እስከ ባሕሩ ዳር ባሉ መንደሮች፣ የእንግዳ ክፍል ገብቶ ግድግዳው ላይ የእሱን ፎቶ የማያይ ሰው የለም።

ለምን እንደሚቃና ሚሉድ በመጀመሪያው ወር ዐውቋል። መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተፈረካከሰ አንድ ሶርባ አንሥቶ ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን በማስመሪያ የተሰመረ መሰለ። ሙቀደሙ ግንባሩን ሳመው። ሚሉድ ቤቱ ገብቶ ነገሩን ሲመረምር፣ ረጅም ሌንስ ሩቁን ሲያቀርብ በቅርቡና በሩቁ መካከል ያለውን ርቀትም አብሮ እንደሚያጠፋ ተረዳ። ፊት ለፊት ከሩቅ የተነሣ ፈረስ አንድ እርምጃ ቢቀድም ባይቀድም አይታይም። ይህን ለማንም አልተናገረም። የጠየቀውም ሰው አልነበረም።

ሐጂ ላርቢ የሚመሩት ሶርባ በሲዲ ቡናጋ ዋነኛው ነው። ሐጂ ላርቢ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ አባቷ የሞተባትን ህኒያን ያሳደጉት አጎቷ ናቸው። ሌንሱ ተገዝቶ በመጣበት ዓመት ከሚሉድ አሥራ አምስት ፎቶ በአንድ ጊዜ ገዝተው ሥራውን ያስጀመሩትም እሳቸው ናቸው። አርባ ዓመት ጋልበው ለአገር አቀፉ ውድድር አንድም ጊዜ አልደረሱም። በዚያ ግንቦት፣ ማጣሪያው ላይ፣ ይህ የመጨረሻዬ ነው ብለው ለሁሉም ተናግረዋል። የሚያልፈው አንደኛ የወጣው ሶርባ ብቻ ነው።

ተኩሳቸው አንድ ነበር፤ ሜዳው ዳር የቆመው ሰው ሁሉ መሰከረ። ነጥቡ ሲነበብ ግን በአንድ ነጥብ ተኩል ተቀድመው ሁለተኛ ሆኑ። በጎን የተቀመጡት ዳኞች መሐሉ ላይ መስመሩ መሰበሩን፣ ከሙቀደሙ በስተግራ ያለው ፈረስ በግማሽ ራስ መውጣቱን ጽፈዋል። ከሙቀደሙ በስተግራ ያለው ጣሃር ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ መሐል ሲገባ የመጀመሪያ ዓመቱ። ጣሃር ልጓሜን አላላሁም ብሎ ማለ። ኮርቻውን አውርዶ ፈረሱ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀመጠ።

ሐጂ ላርቢ ወደ ሚሉድ መኪና መጡ። ፎቶው ከማተሚያው እየወጣ ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ያዙት። አሥራ አምስቱ ፈረሶች በአንድ ክር ላይ ተደርድረዋል፤ የጣሃር ፈረስ አፍንጫ ከእሳቸው ፈረስ አፍንጫ ጋር እኩል ነው።

"ይኸው!" አሉ። "ይኸው ልጄ፣ ይኸው። በል ተነሥ፣ ዳኞቹ ጋ እንሂድ።"

ሚሉድ ቀለሙ ገና አልደረቀም አለ። ከዚያ የተሻለ ነገር አልመጣለትም። ሐጂ ላርቢ ግን ወረቀቱን እያራገቡ ቀድመው ሄዱ፤ ፈረሰኞቹም ነገሩን ሲሰሙ ተከተሏቸው፤ ጣሃር እንኳ ከጥላው ተነሣ። ሚሉድ ሌንሱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ከኋላ ተከተለ። ህኒያ ከሴቶቹ ድንኳን ወጥታ ሲያልፍ አየችው። ፊቷ በርቶ ነበር።

ለተቃውሞ የተሰጠው አንድ ሰዓት ገና አላለቀም። የዳኞቹ አለቃ ሲ መዓቲ (ሲ እዚያ አቶ እንደ ማለት ነው) ድሮ በፈረሰኛ ጦር ያገለገሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። ፎቶውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት፣ ለሁለቱ ባልደረቦቻቸው አሳዩ፣ መልሰው ተቀበሉ። አንደኛው ዳኛ፣ ዓይናችን ተሳስቶ ይሆናል አለ። ሲ መዓቲ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው ወደ ሚሉድ ቀና አሉ።

"ሲ ሚሉድ፣ እኔ የምጠይቀው አንተን ነው እንጂ ወረቀቱን አይደለም። እዚህ ላይ ያለው መስመር ሜዳው ላይ ነበር?"

ሚሉድ መነጽሩን አወለቀና በእጅጌው ጠረገው። አላውቅም ማለት ይችል ነበር፤ ግማሹ እውነት ነው። ዝም ቢልም ፎቶው ራሱ ይናገርለታል። በዚያ አፍታ ያሰበው ስለ ፍትሕ አልነበረም፤ በኋላ ራሱ እንዲህ ብሏል። ያሰበው ስለ ግድግዳዎቹ ነበር። በየመንደሩ፣ በየእንግዳው ክፍል፣ ከሶፋው በላይ የተሰቀሉት ፎቶዎች አንድ በአንድ ታዩት። እስከ ዛሬ ማንም ስላልጠየቀው አልዋሸም። አሁን ግን ተጠየቀ።

"ሌንሱ ይህን መመስከር አይችልም" አለ።

ሲ መዓቲ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቁት። ሚሉድ ማስረዳት ሞከረ፤ ሩቅ፣ ቅርብ፣ መስታወት እያለ ተወሳሰበበት፤ ንግግር አይሆንለትም። በመጨረሻ ጣሃርንና ሌላ አንድ ፈረሰኛ ሜዳው ራስ ላይ ሄደው እንዲቆሙለት ለመነ፤ አንዱ ከሌላው አምስት እርምጃ ቀደም ብሎ። ሁለቱ በእግራቸው ሄዱ። ሚሉድ ገመዱ ጋ ወጥቶ፣ ሌንሱን ገመዱ የታሰረበት እንጨት ላይ አስደግፎ ለሲ መዓቲ ቦታ ለቀቀ።

ሲ መዓቲ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተመለከቱ። "ትከሻ ለትከሻ ነው የቆሙት" አሉ።

"አምስት እርምጃ አለ በመሐላቸው።"

ሽማግሌው ከሌንሱ ላይ ዓይናቸውን አንሥተው በባዶ ዓይን ሜዳውን አዩ፤ ደግመው በሌንሱ አዩ። ከዚያ ለሐጂ ላርቢ ቦታ ለቀቁ። ሐጂ ላርቢ ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ሚሉድን እንጂ ሜዳውን አላየም።

"ታዲያ ቤቴ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ምንድን ነው?"

"እርስዎ ነዎት፣ ሐጂ። ፈረሱም የእርስዎ ነው። መስመሩ ብቻ የሌንሱ ነው።"

ሐጂ ላርቢ ፎቶውን ከጠረጴዛው አንሥተው አራት ላይ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት፣ ሄዱ። ተቃውሞው ውድቅ ሆነ። ሌላው ሶርባ አለፈ።

በዚያ ቀን ማንም ፎቶ አልገዛም። መኪናው ውስጥ ህኒያ እስከ ቤት ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ ሄደች። በር ላይ ሲደርሱ ነው የተናገረችው።

"አጎቴ ከዚህ ጨዋታ ሌላ ምን አለው? አፍህን ይዘህ ብትቆም ምን ነበረበት?"

"ጠየቁኝ እኮ" አለ ሚሉድ። "ባይጠይቁኝማ ዝም እል ነበር። እስካሁንስ መች ተናገርኩ?"

ይህን መልስ ስትጠብቅ አልነበረም። ቁልፉን ተቀብላው ገባች፤ ለሦስት ቀን ያህልም ከእሺና ከእምቢ ሌላ አልተናገረችውም።

ወሬው ከፈረስ ቀድሞ ሄደ። ሚሉድ በዚያ በጋ፣ እዚያ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ወቅት፣ በየሜዳው ገመድ ኋላ ቁጢጥ አለ፤ ፈረሰኞቹ ግን ሲያልፉ ሌላ ነገር ይሉት ጀመር። አንዱ፣ "ሲ ሚሉድ፣ እስቲ ደመወዜን በዚህ መድፍ እይልኝ፣ ከጎረቤቴ ጋር እኩል ይሆን እንደሆነ" አለው። ሌላው ፎቶውን ከነክፈፉ ተሸክሞ መጥቶ፣ ገንዘቡን እንደማይፈልግ፣ ሊመልስለት ብቻ እንደመጣ ተናግሮ በሩ ላይ አስደግፎት ሄደ። ሚሉድ ፎቶውን አስገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረው። የሚጣላ ሰው አይደለም። ከዚያ በኋላ ሰው በሌለበት ቀን ሌንሱን ይዞ ወደ ሐይቁ መሄድ ጀመረ።

ሐይቁ ከባሕሩ በአሸዋ የተለየ፣ ጨው የሚወጣበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው። በበጋው መጨረሻ ፍላሚንጎዎች ይወርዱበታል፤ ረጃጅም ሮዝ ወፎች፣ ጭቃው ላይ በረድፍ ሆነው ይመገባሉ። ሚሉድ እነሱን ያነሳ ነበር። ማንም እንደማይገዛቸው ያውቃል። አንድ ማለዳ ከደለሉ ዳር በሆዱ ተኝቶ ሳለ ረድፉ በጎኑ ተዘረጋለት። ሃያ ወፍ ያህል አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ ሌንሱ ርቀቱን አጥፍቶ እንደ ካርታ ጨዋታ አነባብሯቸዋል። ከሁሉ ፊት ግን አንድ መንቁር ለብቻው ወጣ ብሎ ይታያል። ወፏ ከጓደኞቿ አንዲት ስንዝር ብትቀድም ነው። ሚሉድ ፎቶውን ሳያነሳ ለጥቂት ጊዜ ተኝቶ ቀረ። ያው ሌንስ፣ ያው ማጥፋት ነው፤ ፊት ለፊት ሲቆሙ የሚደብቀውን ረድፉ ጫፍ ላይ ቆመው ሲያዩ ያወጣዋል። ስምንት ዓመት ገመድ ኋላ ሲቀመጥ ወደ ጎን ሄዶ አያውቅም፤ ከጎን የተነሣ ፎቶ የአንዱን ፈረሰኛ ፊት ብቻ ነው የሚያሳየው፣ አሥራ አራቱ አይገዙትም።

ያም ሆኖ ወደ ሐጂ ላርቢ ቤት ሄዶ ይህን ለመናገር አልደፈረም። የመጡት እሳቸው ናቸው፤ ያውም በእርሻ ሰሞን፣ ጫማቸው ላይ ጭቃ እንዳለ። ሰላምታ በአጭሩ ሰጥተው፣ መታወቂያዬ አልቋል፣ ፎቶ አንሣኝ አሉ። ሚሉድ በርጩማው ላይ አስቀመጣቸው። መታወቂያቸው ገና ሦስት ዓመት እንደሚቀረው ያውቃል፤ ፎቶውን ያነሣው ራሱ ነው። አገጫቸውን ትንሽ ቀና እንዲያደርጉ ብቻ ጠየቃቸው።

ሐጂ ላርቢ አገጫቸውን ቀና እንዳደረጉ፣ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ፣ "ያ መድፍህ ግን እውነት መናገር ጨርሶ አይችልም?" አሉ።

"ይችላል። የምቆምበትን ቦታ ከቀየርኩ ይችላል።"

"የመጨረሻዬ ነው ብዬ ነበር፤ ግን አርብ ከጁምዓ በኋላ እንለማመዳለን" አሉ ሐጂ ላርቢ። "ጣሃር ከዚያን ቀን ወዲህ ቀና ብሎ አያየኝም። ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ ልይለት።"

አርብ ሚሉድ ከገመዱ ተነሥቶ ሜዳው ጎን፣ ተኩሱ በሚሰማበት ቦታ ትይዩ፣ በጣም ርቆ ባቄላ ማሳ ውስጥ ካለች ጉብታ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ሲታይ የሩቆቹ ፈረሶች ራስ ከቅርቦቹ በላይ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ጋለቡ፣ ሦስት ጊዜ አነሣ። ባሩድ ውድ ስለሆነ የተኮሱት በመጨረሻው ብቻ ነው። በሦስቱም ፎቶ የፈረሶቹ አፍንጫ ተነባብሮ እንደ አንድ አፍንጫ ሆኗል፤ የጣሃር ፈረስ ከሌሎቹ አንዲት ጣት አልወጣም። በሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ግን ክፍተት አለ። አንድ ፈረስ፣ ግራጫው፣ በግማሽ ራስ ወደ ኋላ ቀርቷል። ጋላቢው ጠመንጃውን ሲያነሳ የቀኝ ትከሻው አልታዘዝ ብሎት በግራ እጁ ልጓም ይስባል። መሐል ያለው ሲቀር፣ ከግራ ተቀምጠው ለሚያዩ ዳኞች በእነሱ በኩል አጠገቡ ያለው የወጣ ይመስላል።

ግራጫው የሐጂ ላርቢ ፈረስ ነው።

ሚሉድ ፎቶዎቹን ፈረሰኞቹ ፊት አላወጣቸውም። ሐጂ ላርቢን ወደ መኪናው ጠርቶ፣ የኋላውን በር ዘግቶ፣ ሦስቱን አንድ በአንድ እጃቸው ላይ አኖረ። አሁን ማብራራት አያስፈልግም ነበር። ሽማግሌው ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። በግራ እጃቸው የቀኝ ትከሻቸውን ያዙ።

"ጣሃር አይደለማ" አሉ።

"አይደለም፣ ሐጂ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እሱን አላውቅም። ከዚህ በፊት ከጎን ቆሜ አይቼ አላውቅም።"

ሐጂ ላርቢ የሚሉድን ጉልበት በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ወረዱ። ፈረሰኞቹ ውኃ እያጠጡ ነበር። ሐጂ ላርቢ ሁሉም ፊት ጣሃርን ጠሩት፤ ጣሃር መሬት መሬት እያየ መጣ።

"ልጄ፣ ይህን ሁሉ ወር የኔን ጥፋት ተሸክመህ ነው የሄድከው" አሉት። "አውርደው።" ፎቶዎቹንም አንድ በአንድ እንዲቀባበሉ ሰጧቸው። አንድ ፈረሰኛ ነገሩን ለማቅለል፣ ግራጫው ባለቤቱን አክብሮ ነው እንጂ አልቀረም አለ። መጀመሪያ የሳቁት ሐጂ ላርቢ ናቸው።

ክረምቱን ሁሉ፣ እዚያ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን የዝናብ ወራት፣ ሞከሩ። ቀደም ብለው ጠመንጃውን ማንሣት፣ ልጓሙን ማሳጠር፣ ትከሻውን በዘይት ማሸት፤ ሚሉድም በየአርቡ ባቄላ ማሳው ውስጥ ቆሞ አነሣ። ክፍተቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። በመጋቢት ሐጂ ላርቢ የመሐሉን ቦታ ለጣሃር ለቀቁ፤ አጠገባቸው ጋልቦ እስትንፋሳቸውን የሚያውቀው እሱ ነው። ግራጫውንም አብረው ሰጡት። ፈረሱ በአዲሱ ሰው እጅ ለአንድ ወር አኮረፈ፣ ከዚያ መስመር ያዘ።

በግንቦቱ ማጣሪያ ሐጂ ላርቢ የፕላስቲክ ወንበር ይዘው ገመዱ ኋላ፣ ከሚሉድ አጠገብ ተቀመጡ። ህኒያ ጃንጥላ አመጣችላቸው፤ ለባሏም ሌንስ አዲስ እጅጌ ሰፍታለት ነበር። ሶርባው ሲመጣ ሐጂ ላርቢ ከጣሃር ጋር አብረው አየር ሳቡ። ሚሉድ ያን ቀን የጣሃርን ጢም ማየት አላስፈለገውም፤ ከጎኑ ያለውን እስትንፋስ ሰምቶ ተጫነ። ተኩሱ አንድ ነበር። ነጥቡ ሲነበብ አንደኛ ሆኑ።

ሚሉድ የፊቱን ፎቶ አትሞ ሲያቀብላቸው ሐጂ ላርቢ በደንብ አዩትና፣ "ይሄ ለግድግዳ ነው። የጎኑን ደግሞ አርብ ታነሳልናለህ፤ አገር አቀፉ አራት ሳምንት ነው የቀረው" አሉ።

በእሳቸው የእንግዳ ክፍል ዛሬ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ተሰቅሏል። አንደኛው ያ አራት ላይ ታጥፎ የነበረው ነው፤ የእጥፋቱ መስቀል መስታወቱ ሥር ይታያል። ሁለተኛው የመጀመሪያው አርብ ፎቶ ነው፤ አሥራ አራት አፍንጫ አንድ ላይ፣ ግራጫው በግማሽ ራስ ወደ ኋላ። እንግዳ ሲጠይቃቸው በጣታቸው ወደ ክፍተቱ ያመለክታሉ፤ "ይሄ እኔ ነኝ" ይላሉ።

የተመለሰው ባለ ክፈፍ ፎቶ ባለቤት ባለፈው ዓመት መጥቶ ወሰደው። ሌሎች ሶርባዎችም አሁን ሚሉድን ለልምምድ ይጠሩታል፤ ገመዱ ኋላ አንድ ጊዜ፣ ማሳው ውስጥ አንድ ጊዜ ይቆማል። ለአንድ የፊት ፎቶ አርባ ድርሃም፣ ለአንድ የልምምድ ቀን ከጎን ሁለት መቶ ድርሃም ይቀበላል። ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት ወራት፣ ነዳጁና የማተሚያው ቀለም ከተቀነሰ በኋላ፣ በወር አራት ሺህ ድርሃም ገደማ ያገኛል፤ በቀሩት ወራት የዚህን ግማሽ።